ጥያቄና መልስ፦ ትርፏ 0.16 ከየት መጣች?

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሁለት ኤሌክትሮን ያለበትን ባለ ሁለት ዳይሜንሽን ኳንተም ዶት (ኤሌክትሮኖችን የሚይዝ ደቃቅ ወጥመድ) ሃርትሪ-ፎክ በሚባለው የማስሊያ ዘዴ እያሰላሁ ነው። የወጥመዱ ቅርጽ ፓራቦላ፣ ጥንካሬው (ኦሜጋ) 1 ነው። ኢነርጂው 3.16 ሃርትሪ (የኢነርጂ መለኪያ ነው) ገደማ ወጣ። አማካሪዬ ግን ትክክለኛው 3 ነው ይላሉ። ኮዴ የት ጋ ተሳሳተ?

መልስ፦ እህቴ፣ ኮድሽን አትንኪው። ሃርትሪ-ፎክ መስጠት ያለበት ይህንኑ ነው። አማካሪሽም ልክ ናቸው፤ ኦሜጋ 1 በቀመር ብቻ እስከ መጨረሻው ከሚፈቱ ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ነው።

ትርፏ 0.16 ኮሪሌሽን የምንለው ናት። በሃርትሪ-ፎክ ኤሌክትሮኑ የሚያየው የጓደኛውን አማካይ ደመና ብቻ ነው። አሁን የት እንዳለ ስለማያውቅ ዞር አይልለትም።

ዋናው ነገር ግን ስፒኑ (ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚሆን የኤሌክትሮን ውስጣዊ ባሕርይ) ነው። ስፒናቸው ከገጠመ የፓውሊ ሕግ ራሱ ያራርቃቸዋል። ተቃራኒ ሲሆን ግን በሃርትሪ-ፎክ የሚያራርቃቸው የለም፤ ስህተቱ ሲንግሌቱ (ስፒናቸው ተቃራኒ የሆነው ጥንድ) ላይ ይከመራል። እስቲ ኦሜጋን ወደ 0.1 አውርጂው። ሁለቱን ስፒኖች በአንድ ኦርቢታል (የኤሌክትሮን ደመና ቅርጽ) ካስቀመጥሽ የትሪፕሌቱ (ስፒናቸው የገጠመው ጥንድ) ኢነርጂ ከሲንግሌቱ በታች ይወርድብሻል። እንዳታምኚው! ማግኔቲክ ፊልድ ከሌለ የሁለት ኤሌክትሮን ዝቅተኛ ሁኔታ ሲንግሌት ነው። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሎስና ዲቪንቼንዞ በ1998 ያቀረቡት የስፒን ኪውቢት (በኤሌክትሮን ስፒን የሚሠራ የኳንተም ኮምፒውተር ቢት) ሐሳብ በሁለቱ የኢነርጂ ልዩነት ላይ ስለሚሠራ፣ የልዩነቱን ምልክት (ፕላስ ወይስ ማይነስ) መሳት ቀላል ነገር አይደለም።

ቀጥለሽ ኮንፊገሬሽን ኢንተራክሽን (ብዙ የኤሌክትሮን አደራደሮችን ቀላቅሎ የሚያሰላ ዘዴ) ሞክሪ። በ40 ስፒን-ኦርቢታል ለሁለት ኤሌክትሮን 780 ዲተርሚናንት (አደራደር) ብቻ ነው፤ ላፕቶፕሽ ይበቃል። ለስድስት ግን 3,838,380 ይሆናል፤ ያኔ ሲሜትሪ ሳትጠቀሚ አትጀምሪ።