ትኋን ነው ወይስ ቁንጫ? የእህል መድኃኒቱን ከመርጨታችሁ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ጎንደር፣ አዘዞ ተከራይታችሁ ትኖራላችሁ። ለጥምቀት የመጡ እንግዶች አድረው ከሄዱ ወዲህ ልጆችሽ ሰውነታቸውን ሲያኩ ያድራሉ። ባለቤትሽ ደግሞ «ቁንጫ ነው፣ የእህል መድኃኒት እንርጭበት» ብሏል። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ያንን መድኃኒት ቤትሽ እንዳታስገቢው። ለማሳና ለጎተራ የተሠራ መርዝ ልጅ የሚተኛበት ፍራሽ ላይ አይረጭም። ስፖንጁ ይጠጣዋል፣ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሰው ያድራል፣ በቆዳውም ይገባል። ተረጭቶ ከሆነና ልጅ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ካስመለሰው ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ወተት ላጠጣው ሳትዪ ወዲያው ሆስፒታል ውሰጂው።

አሁን ወደ መለየቱ። ቁንጫ ይዘላል። ትኋን አይዘልም፣ አይበርም፤ ይሄዳል እንጂ። ቁንጫ ብዙ ጊዜ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይነክሳል። ትኋን ከብርድ ልብስ ውጪ የቀረውን ገላ ይፈልጋል፤ አንገት፣ ክንድ፣ ፊት። ንክሻው አንዳንዴ በመስመር ይደረደራል። ግን በንክሻ ብቻ አትፍረጂ። አንድ አልጋ ላይ ካደሩ ሁለት ሰዎች አንዱ አብጦ ሲነሳ ሌላው ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ባለቤትሽ «እኔን አልነካኝም» ቢልም ተነክሶ ሊሆን ይችላል።

ዋናው ማስረጃ ፍራሹ ላይ ነው። የጠርዙን ስፌት በአውራ ጣትሽ ገልበጥ አድርጊና የስልክሽን መብራት አስጠግተሽ እዪ። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሳርፊባቸው። ቀለሙ ወደ ጨርቁ ከለቀቀ የትኋን ኩስ ነው፤ የጠጣው ደም ነው እንደዚያ የሚሆነው። ከዚያ የአልጋው እግርና ጎን የሚጋጠሙበትን፣ የምስማሩንም ቀዳዳ እዪ። ያደገ ትኋን የተልባ ፍሬ ያህላል፣ ጠፍጣፋና ቡናማ ነው። ደም ሲጠጣ ይቀላል፣ ይነፋል። እንቁላሉ ነጭ ነው፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ እንጨቱ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። የወለቀ ስስ ቆዳውንም ታገኚ ይሆናል።

እኔ የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ነው፣ በድሮ ጭቃ ቤት። ጓሮ ያሉትን ክፍሎች ለተማሪዎች አከራያለሁ፤ ትኋን በሻንጣ እንዴት እንደሚገባ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰው አልጋውን ይከሳል፣ ግማሹ ትኋን ግን ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው። የተሰነጠቀ ምርጊት፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ፣ የአቡጀዲው ኮርኒስ ጠርዝ፣ የበሩ መቃን፣ የተሰቀለ ፎቶ ጀርባ፤ ቀን ቀን እዚያ ይደበቃል። አልጋ ጥሎ አዲስ የገዛ ሰው በወሩ ተመልሶ የሚያለቅሰው ለዚህ ነው። ቤቱን ዘግቶ መክረምም አያዋጣም፤ ትኋን ሳይበላ ለወራት ይቆያል።

የሚገድለው ሙቀት ነው። ከ50 ዲግሪ በላይ ሲያገኘው እሱም እንቁላሉም ይሞታል። የጎንደር ውሃ በከፍታችን ምክንያት በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። አንሶላውንና የልጆቹን ልብስ እዚያው ክፍል ውስጥ ፌስታል ውስጥ ከተሽ እሰሪና አውጪው። እየተጎተተ ከወጣ ሳሎኑንም ታስይዢዋለሽ። ከዚያ የፈላ ውሃ ይፍሰስበት። ጋቢውን በጋለ ካውያ፣ በተለይ ጥለቱንና ጠርዙን፣ ቀስ እያልሽ ተኩሺው። የእንጨት አልጋውን ፈታታችሁ ደጅ አውጡና በየመገጣጠሚያው የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ አፍስሱበት፤ ልጆቹ ብቻ ይራቁ። የፍራሹን ስፌት በጠንካራ ብሩሽ ጥረጊው፣ ከዚያም በጥቅጥቅ ጨርቅ ዙሪያውን ሰፍተሽ ዝጊው። ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም፤ ትኋኑ ወደ ጥላው ጎን ይዞራል። ነጭ ጋዝ መቀባት ደግሞ ቤት ያቃጥላል፤ ተዉት።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ልጣችሁ አቃጥሉ። ስንጥቁን በጭድና በጭቃ ምረጉት፣ ኖራ ቢቀባ ደግሞ ጥሩ ነው። አከራይሽን ሳታፍሪ ንገሪያት፤ ቤቱ የእሷ ነው፣ እሷንም ይመለከታል። ግድግዳ የምትጋሩት ጎረቤትም ይወቅ። ትኋን የቆሻሻ ቤት ምልክት አይደለም። የሚበላው ደም እንጂ ቆሻሻ አይደለም፤ የሚያብረቀርቅ ሆቴልም ውስጥ ይገባል። ሰው በሐፍረት ዝም ሲል ነው ግቢው በሙሉ የሚያዘው።

አልጋውን ከግድግዳው አርቁ። አራቱንም እግሮች ውስጡ ልሙጥ በሆነ ጣሳ ውስጥ አቁሙና ሳሙና ያለበት ውሃ ጨምሩበት። ትኋን ልሙጥ ነገር መውጣት አይችልም። ብርድ ልብሱ ወለል እንዳይነካ። ልጆቹን ወደ ሌላ ክፍል አታዛውሪ፤ ተከትሏቸው ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ ሰው የሚረሳው መድገሙን ነው። እንቁላሉ የሚፈለፈለው ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በ10ኛው ቀን ገደማ የፈላ ውሃውንም ካውያውንም ድገሚ፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ጨምሪ። ከሱቅ የሚገዛው የሚነፋ መድኃኒት ላይ ብዙ ተስፋ አትጣዪ። ብዙ ትኋን ለምዶታል፤ የተረፈውም ወደ ሌላ ክፍል ይበተናል።

ስለ በሽታ አትጨነቂ፤ ትኋን በሽታ ከሰው ወደ ሰው ሲያስተላልፍ አልታየም። የልጆቹን ጥፍር ቁረጪ፣ ንክሻውን በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው። ታክኮ መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ አሳዪው።

ጣሳዎቹን ጠዋት ጠዋት እዪ። ሁለት ወር ሙሉ ምንም ካልወደቀባቸው፣ ስፌቱም ላይ አዲስ ነጠብጣብ ካልታየ ለቋችኋል። እስከዚያ ድረስ ለቅሶም ይሁን ድግስ፣ ፍራሽ ለጎረቤት አታውሺ።