ከስትሮክ በኋላ የደም ፕሮቲን ከፍ ማለትና የመርሳት ሥጋት

እህቴ፣ ለእናትዎ ምሕረቱን ያምጣላቸው። ስትሮክ ከመታቸው ስምንት ወር የሆናቸው እናትዎ መርሳት መጀመራቸውን፣ በደም ምርመራቸውም ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የተባለው ከፍ ብሎ መገኘቱን ጠቅሰው «ይህ የመርሳት በሽታ መጀመሪያ ነው ወይ? ወደፊት የሚሆነውን አስቀድሞ የሚናገር የደም ምርመራስ አለ ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አባቴን ከስትሮክ በኋላ ለአራት ዓመታት ሳስታምም ያየሁትንና ሐኪማቸውን እየጠየቅሁ የተረዳሁትን ግን ላካፍልዎ።

ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንን የሚያመርተው ጉበት ነው፤ የሚጨምረውም በሳንባ፣ በሽንት ቧንቧ፣ በቁስል ወይም በሌላ በየትኛውም የሰውነት ክፍል ኢንፌክሽን ወይም ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ሲኖር ነው። አባቴ ስትሮክ በመታቸው በዓመቱ ገደማ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ቀንና ሌሊቱን መለየት አቃታቸው፤ እኔንም በሟች ወንድማቸው ስም ይጠሩኝ ጀመር። ይህ ፕሮቲን ከፍ ማለቱን ስንሰማ ቤተሰቡ ሁሉ ነገሩ ያለቀ መስሎት አለቀሰ። ሐኪማቸው ግን ሽንታቸውን አስመርምረው ኢንፌክሽን አገኙ፤ መድኃኒቱን ከጀመሩ ከሳምንት በኋላ አባቴ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ተመለሱ፣ ፕሮቲኑም ወረደ። እንዲህ ያለው ድንገተኛ ለውጥ ኢንፌክሽን ወይም ሁለተኛ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ነው፤ በወራት ቀስ እያለ የሚመጣው መርሳት ግን ሌላ ነው።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ የሰሙት ኒውሮፊላመንት ላይት ቼይን ስለሚባለው ፕሮቲን ይመስለኛል። ይህ ፕሮቲን ለነርቭ ሴል ረጅም ዘንግ እንደ ቤት ማገር ሆኖ የሚያገለግል ሲሆን፣ ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል፤ ከስትሮክ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይጨምርና ለወራት ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሕሙማን አንድ ላይ ሲጠኑ፣ መጠኑ ከፍ ያለባቸው ሰዎች በአማካይ የማሰብ ችሎታቸው ይበልጥ ሲቀንስ ታይቷል። ይሁን እንጂ ዕድሜ መግፋትና የኩላሊት ድካምም ይህንኑ ፕሮቲን ስለሚያበዙት፣ በብዙዎች ላይ የታየው አማካይ በአንዲት እናት ላይ እንደ ፍርድ እንዲነበብ አልፈልግም።

ሥጋትዎ ግን መሠረት የሌለው አይደለም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ እንዳሰፈረው፣ ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያው ዓመት የማስታወስና የማሰብ ችግር ይገጥማቸዋል። ስለዚህ ትኩረቴን በደም ግፊት ላይ አደርጋለሁ፤ ፕሮግረስ በተባለውና 6105 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት (ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው) ግፊትን የሚቀንስ መድኃኒት መውሰድ ከተደጋጋሚ ስትሮክ ጋር የሚመጣውን የመርሳት ሕመም በሲሶ ያህል ቀንሷል። ድብርትም መርሳት መስሎ ስለሚታይ ሐኪሙ እንዲያየው ይጠይቁ።

እናትዎ ፊደል ያልቆጠሩ ከሆኑ፣ የማስታወስና የማሰብ ችሎታ የሚለካበት «ኩብና ሰዓት ሣሉ» የሚለው ፈተና ዝቅ ያለ ነጥብ ቢሰጣቸው አይደንግጡ። እኔ በየእሑዱ አባቴ ብር መቁጠር፣ መድኃኒታቸውን ለይተው ማንሣት፣ የጎረቤት ስም መጥራት መቻላቸውን በደብተር እጽፍ ነበር፤ ሐኪማቸው ከላቦራቶሪው ወረቀት አስቀድመው የሚጠይቁኝ ያንን ደብተር ነበር። የእናትዎ ሽንት እስካሁን ካልተመረመረ፣ በዚህ ሳምንት ያስመርምሩላቸው፤ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲኑም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ይታይ።