«በ150 ብር ገዛ» ሲባል የኪሎው ነው የጠቅላላው?

ጥያቄ፦ 6ኛ ክፍል የምትማር ልጄ ይህን የሒሳብ ጥያቄ ይዛ መጣች። «አንድ ነጋዴ 30 ኪሎ ነጭ ጤፍ በ150 ብር፣ 20 ኪሎ ቀይ ጤፍ በ100 ብር ገዝቶ ቀላቀለ። የቅልቅሉ አማካይ ዋጋ በኪሎ ስንት ነው?» እሷ 5 ብር አለች። እኔ 125 አልኩ። የመልስ ወረቀቱ 130 ይላል። ያጣላን አማርኛው ነው ሒሳቡ? (አንድ አባት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ሁለቱም። ልጅዎን ግን እንዳይቆጧት፤ አማርኛውን እንደተጻፈው ያነበበችው እሷ ናት።

«ሁለት በግ በ20 ሺህ ብር ገዛሁ» ብልዎ የሁለቱን ዋጋ ነው የሚሰሙት። የእያንዳንዱን ማለት ከፈለግሁ «ሁለት በግ በሃያ ሃያ ሺህ ገዛሁ» እላለሁ። አማርኛ ሲያከፋፍል ቁጥሩን ይደግመዋል። «ሁለት ሁለት ብር ሰጣቸው» የምንለውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ «30 ኪሎ ጤፍ በ150 ብር» ከተባለ ዋጋው የ30ው ኪሎ ነው። ልጅቱ 250 ብሩን ለ50 ኪሎ አካፈለች፤ 5 ብር ወጣላት። ጤፍ በ5 ብር! ደሴ ገበያ የወጣ ሰው ይስቃል፤ ሰዋስው ግን ምንም አይላትም።

ጥያቄ አውጪው ያሰበው የኪሎውን ዋጋ ነው። ገበያ ላይ «ኪሎው ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ የለም? እሱም «ኪሎውን በ150 ብር» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ነገሩ ባለቀ። «በኪሎ 150 ብር»ም ያስኬዳል።

የእርስዎ 125 ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «አማካይ» ከ«መካከል» ጋር ዘመድ ስለሆነ ጆሯችን ወዲያው እኩሌታውን ይሰማል። እኩሌታው የሚሠራው ከሁለቱም 25 25 ኪሎ ቢገዛ ነበር። እዚህ ግን ነጩ ይበዛል፤ ስለዚህ ዋጋውን ወደ ራሱ ይስባል። 30 በ150 ሲባዛ 4500፣ 20 በ100 ሲባዛ 2000፤ ድምሩ 6500 ለ50 ኪሎ ሲካፈል 130 ብር።

እግረ መንገዴን፣ በድብልቅ ጥያቄዎች ውስጥ «ወደ»ንም ይጠርጥሯት። «25 በመቶው ጨው የሆነ 8 ኪሎ የጨው ውሃ ላይ ወደ 10 ኪሎ ውሃ ቢጨመር» የሚል ዓይነት ጥያቄ ያጋጥማል። ለእኛ ጆሮ «ወደ 10 ኪሎ» ማለት «10 ኪሎ ገደማ» ነው፤ «ወደ ሰላሳ ሰው መጣ» እንደምንለው። ጨው ያው 2 ኪሎ ነው። 10 ኪሎ ውሃ ከተጨመረ ጠቅላላው 18 ይሆንና ጨው ወደ 11 በመቶ ይወርዳል። ጠቅላላው 10 እንዲሆን ከታሰበ ግን 20 በመቶ ነው። ለሁለተኛው «ውሃ ተጨምሮ 10 ኪሎ ቢሞላ» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ «ወደ»ን ለግምት ይተዉላት።