የነርቭ ዕድገት ፋክተርን ለማጥናት ለምትፈልግ የላቦራቶሪ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከመሐል ሜዳ መጥተሽ ደብረ ብርሃን ሜዲካል ላቦራቶሪ እንደምትማሪ፣ ለመመረቂያ ጥናትሽም በካንሰር ሕሙማን ደም ውስጥ ያለውን የነርቭ ዕድገት ፋክተር (ነርቮች እንዲያድጉ የሚያደርገውን ፕሮቲን) ለመለካት እንዳሰብሽ፣ አማካሪሽ ግን «መሣሪያውም ሪኤጀንቱም (የመመርመሪያ ኬሚካሉም) የለም» እንዳሉሽ ጽፈሻል። አባትሽ በበኩላቸው በጤና ጣቢያ የተገኘውን ቅጥር ቶሎ እንድትይዢ ይፈልጋሉ። የጠየቅሽኝ ሐሳብሽን ትተሽ ሥራ ትያዢ ወይስ ሁለተኛ ዲግሪ እስክታገኚ ትጠብቂ እንደሆነ ነው።

ርእሱን መምረጥሽ የሚነቀፍ አይደለም። ሳይንቲስቷ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ይህን ፕሮቲን ያገኘችው በዕጢ በኩል ነበር፤ የአይጥ ዕጢ በጫጩት ፅንስ ላይ ሲተከል የፅንሱ ነርቮች ተንዠርግገው ወደ ዕጢው ሲያድጉ አይታ፣ ዕጢው አንድ ነገር ቢያመነጭ ነው ብላ ተከታተለችው። ከሥራ ባልደረባዋ ከስታንሊ ኮኸን ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዕድገት ፋክተሮች ላይ ባደረጉት ግኝት ነው። በቆሽት ካንሰርም ፕሮቲኑ ሕመሙን ከማባባስና ዕጢው ነርቭን ተከትሎ ከመዛመት ጋር መያያዙ ተደጋግሞ ተጽፏል።

ይሁን እንጂ ፕሮቲኑ በካንሰር ውስጥ ድርሻ አለው ማለትና በደም ሲለካ ካንሰርን ለይቶ ያሳያል ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአስም ሕሙማን ደም ውስጥ መጠኑ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በፓራሹት ሊዘሉ በተዘጋጁ ወታደሮች ደም ውስጥ ሳይቀር ጨምሮ ታይቷል። ባዮፕሲ (ለምርመራ የሚቆረጥ የሰውነት ሥጋ) ሊወሰድባት ተራዋን የምትጠብቅ እናት ከእነዚያ ወታደሮች ያነሰ ፍርሃት አለባት ብዬ አላምንም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ከ1,000 ሰዎች 10ሩ ካንሰር አለባቸው እንበል፤ ምርመራውም ከታማሚዎቹ 90 በመቶውን የሚያገኝ፣ ከጤነኞቹም 90 በመቶውን በትክክል ነጻ የሚል ይሁን። 9 ታማሚዎች ይገኛሉ፤ ከ990ዎቹ ጤነኞች ግን 99ኙ ካንሰር ሳይኖርባቸው «አለባችሁ» ይባላሉ። ስለዚህ ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሚሆንባቸው 108 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት 9 ብቻ ናቸው። ይህን ስሌት በቃልሽ የምታስረጂ ባለሙያ ከሆንሽ፣ ነገ ሌላ ባዮማርከር (በሽታን የሚጠቁም በሰውነት ውስጥ የሚለካ ነገር) ቢመጣም ሥራ አይጠፋብሽም፤ በአንድ ፕሮቲን ላይ ብቻ የቆመ ሙያ ግን ፕሮቲኑ ሲረሳ አብሮ ይረሳል።

ከዚሁ ቤተሰብ ሕክምና ላይ የዋለው ምን እንደሆነም አስተውዪ። የፋክተሩ ተቀባይ (ፋክተሩ የሚያርፍበት የሴል ፕሮቲን) ጂንና ሁለቱ ዘመዶቹ ከሌላ ጂን ጋር ተቆራኝተው በተገኙባቸው ዕጢዎች ላይ የሚሠራው ላሮትሬክቲኒብ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ይህ የሚታወቀው የዕጢውን ሥጋ በመመርመር እንጂ የደሙን ፕሮቲን በመለካት አይደለም። ስለዚህ ዓይንሽን ከደሙ ይልቅ ወደ ፓቶሎጂ (በሽታን ከሥጋ ናሙና ወደሚለየው ሙያ) እንድታዞሪ እመክራለሁ።

እኔ ራሴ ወደ ማማከር ሳልመጣ በላቦራቶሪ ስሠራ፣ አንድ ቀን ከሩቅ በአውቶቡስ የተላከ የጡት ዕባጭ ደረሰን። ብልቃጡ ጠባብ፣ ፎርማሊኑ (ናሙናው እንዳይበሰብስ የሚጠብቀው ፈሳሽ) ከሥጋው ግማሽ እንኳ የማይሸፍን ነበር፤ ስንቆርጠው ጠርዙ ግራጫ፣ መሐሉ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀይ ነው። ፎርማሊኑ ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን ነበረበት። እንዲህ የተበላሸ ናሙና ላይ ውድ መሣሪያ ቢመጣም የሚረባ ውጤት አይገኝም፤ የሴትዮዋም ምርመራ እንደ አዲስ ተጀመረ።

እንግዲህ የመመረቂያ ርእስሽን ወደዚህ ቀይሪው፦ ባዮፕሲ የሚወሰድበት ሆስፒታል ፈቃድ አግኝተሽ፣ ናሙናዎች በምን ያህል ፎርማሊን እንደሚቀመጡ፣ የተወሰዱበትና ፎርማሊን ውስጥ የገቡበት ሰዓት መመዝገቡን፣ የስም ወረቀቱና የጥያቄ ቅጹ መስማማታቸውን መዝግቢ። ለዚህ መዝገብ፣ ማስመሪያና ትዕግሥት ይበቃሉ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ መዘግየት ልማዱ ነውና።

ስለ ሥራው አባትሽ ትክክል ናቸው፤ ያዢ። ምርጫ ካለሽ ግን ከጤና ጣቢያው ይልቅ የፓቶሎጂ ክፍል ያለውን ሆስፒታል አስቀድሚ፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ሠርተሽ በሞለኪውላር ባዮሎጂ ወይም በፓቶሎጂ አቅጣጫ ለሁለተኛ ዲግሪ ስትወዳደሪ የሚጠይቁሽን በእጅሽ ከሠራሽው ትመልሺያለሽ። አባትሽን «ትምህርቱን ትቼው ሳይሆን በሥራው በኩል እየሄድሁበት ነው» በያቸው። ፕሮፖዛሉን ስትጽፊ የአሠራር ዘዴውን ክፍል ላኪልኝ፤ የናሙናውን ቁጥር አወሳሰን አብረን እናየዋለን።