ሳይኮሎጂ እውነት ሳይንስ ነው? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው የማስታወስ ችሎታን በሚመለከቱ ሙከራዎች ላይ ነው። ሰሞኑን «ሳይኮሎጂ ሳይንስ ነው ወይስ ወሬ?» የሚለው ክርክር ስለበዛ ዛሬ ማታ ጥያቄ እቀበላለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የግል ሕመም እዚህ አላይም።

የፊዚክስ ተማሪ፦ ዶክተር፣ በቀጥታ ልጠይቅዎት። ሳይንስ ነው አይደለም?

መልስ፦ በጅምላ ከጠየቅከኝ መልስ የለኝም። እያንዳንዱን አባባል ለየብቻ መርምረው። በስንት ሰው ላይ ተሞከረ? ሌላ ሰው ደግሞት ያንኑ አገኘ? ስህተት ቢሆን በምን እናውቃለን? ይህን ፈተና የሚያልፍ ሥራ ሳይኮሎጂ ውስጥ ሞልቷል። የሚወድቅም ሞልቷል።

አንድ አባል፦ ፍሮይድስ?

መልስ፦ አንዱ ሰው ልጅ ሊያሰምጥ ውኃ ውስጥ ይገፈትራል፤ ሌላው ልጁን ሊያድን ሕይወቱን ይሰጣል። ሰው የሚያደርገውን ሁሉ በድብቅ ፍላጎቱ የሚፈታው የፍሮይድ ሐሳብ ሁለቱንም እኩል ያብራራል፤ ስለዚህ ስህተት ቢሆን እንኳ አይታወቅበትም። የሳይንስ ፈላስፋው የካርል ፖፐር ቅሬታ ይኸው ነበር። እኔም እስማማለሁ። ወደሚቀጥለው።

መምህርት፦ ከግማሽ በላይ ጥናቶች ውሸት ሆነው ተገኙ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ «ውሸት» አንበል። የሆነው እንዲህ ነው። በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው የታተሙ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደ አዲስ የሠሩበት ሥራ ይፋ ሆነ። መጀመሪያ ሲታተሙ 97ቱ ውጤት አግኝተናል ብለው ነበር። ሲደገሙ ግን ውጤት የታየው በ36 በመቶው ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። በ1998 የታተመ ሙከራ ነው። የራባቸው ተማሪዎች ትኩስ የቸኮሌት ብስኩት የሚሸትበት ክፍል ይገባሉ። ከፊሎቹ ብስኩቱን ይበላሉ። ሌሎቹ ብስኩቱን እያዩ ፍጅል ብቻ እንዲበሉ ይታዘዛሉ። ከዚያ ሊፈታ የማይችል እንቆቅልሽ ይሰጣቸዋል። ፍጅል የበሉት 8 ደቂቃ ገደማ ታግለው ተዉት። ብስኩት የበሉት 19 ደቂቃ ገደማ ቆዩ። «ራስን መግዛት አቅም ይጨርሳል» የሚለው አባባል ከዚህ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ። በሙከራው የገቡት 67 ሰዎች ነበሩ። በ2016 ግን 23 ላብራቶሪዎች፣ ከ2,000 በላይ ሰዎችን ይዘው፣ ሐሳቡን በሌላ ዓይነት ሥራ ፈተኑት። ያገኙት ልዩነት ከዜሮ እምብዛም አይርቅም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ናሙናው ትንሽ ነው። ተመራማሪው ቁጥሩን በብዙ መንገድ ያሰላና ያማረውን ያቀርባል። መጽሔቶችም «ምንም አላገኘሁም» የሚል ጽሑፍ እምብዛም አያትሙም ነበር። አሁን መድኃኒቱ ተገኝቷል። ተመራማሪው ምን እንደሚለካና እንዴት እንደሚያሰላ አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ መጽሔቱም ውጤቱን ሳያይ ለማተም ይስማማል። በ2021 የታተመ ንጽጽር እንዳሳየው፣ በተለመደው አሠራር 96 በመቶው ጽሑፍ «ግምታችን ተረጋገጠ» ይል ነበር። በአዲሱ አሠራር 44 በመቶው ብቻ! እኔ ሳይንስ የምለው ይህንን ነው። ገበናውን ያወጣው ራሱ ሙያው ነው፤ ከውጭ የመጣ ሰው አይደለም።

የፊዚክስ ተማሪ፦ ይኸው! የኛ ሕግ ግን የትም ብትሄድ አይለወጥም።

ነርስ፦ ወንድሜ፣ ሕክምናውስ? መድኃኒት ለአንዱ ይሠራል፣ ለሌላው አይሠራም። ሕክምና ሳይንስ አይደለም ልትል ነው?

የፊዚክስ ተማሪ፦ ሕክምና በደም ምርመራ ያረጋግጣል። ሐዘን ግን በምን ይለካል?

ሌላ አባል፦ ለጭንቀት ጸበል ይበቃል። ምን ያጨቃጭቃችኋል?

ነርስ፦ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ የሚከታተሉ ሰዎች አውቃለሁ። ለምን ይጣላሉ?

መልስ፦ ጸበል የዛሬ ርዕስ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ፦ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አያቁም። የፊዚክሱ ልጅ፣ ነርሷ እውነቷን ነው። በ2012 ይፋ እንደሆነው፣ አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ትልቅ ግምት የተሰጣቸውን 53 የካንሰር ጥናቶች ደግሞ ሞክሮ ነበር። የጸኑለት 6 ብቻ ናቸው። ካንሰርን ማጥናት ሳይንስ አይደለም ያለ ግን አልሰማሁም። አሁንም እላለሁ፦ በስንት ሰው? ማን ደገመው?

ከደሴ፦ ጥናቱ ሁሉ በፈረንጅ ተማሪ ላይ ነው። ለኛ ይሠራል?

መልስ፦ ከዛሬዎቹ ጥያቄዎች ምርጡ ይህ ነው። ሁለት እኩል መስመሮች ሣል። የአንዱ ጫፎች ላይ ወደ ውስጥ የታጠፈ ቀስት፣ የሌላው ላይ ወደ ውጭ የተከፈተ ቀስት አድርግ። ሁለተኛው ረዝሞ ይታይሃል። በ1966 የታተመ ጥናት ይህን በብዙ ማኅበረሰቦች ሞክሮ ነበር። አሜሪካውያኑ በጣም ተታለሉ። በደቡባዊ አፍሪካ የካላሃሪ በረሃ የሚኖሩት ሳን ሰዎች ግን ምንም ያህል አልተታለሉም። ዓይን እንኳ እንዲህ ከተለያየ፣ ስለ ትዳርና ስለ ኩራት የተጻፈውን እዚህ ሳይሞክሩ መቀበል ስህተት ነው። እዚህ ተሞከረ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሊያ፦ እኔ የባሕርይ ፈተና ወስጄ ባለአራት ፊደሉን...

መልስ፦ ሰውን በአራት ፊደል በየዓይነቱ የሚመድበውን ፈተና ማለትሽ ነው። ከሳምንታት በኋላ ድገሚው። ብዙ ሰው ሌላ ፊደል ይወጣለታል። በዚያ ሥራ አትምረጪ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ የተረጋገጠ ነገር አንድ ይንገሩን እስቲ።

መልስ፦ በደስታ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው ቃላት እየሸመደደ በስንት ጊዜ እንደሚረሳቸው ለካና በ1885 አሳተመ። መርሳት መጀመሪያ ላይ ይፈጥናል፣ ከዚያ ይዘገያል። አንተን የሚጠቅምህ ደግሞ የ2006ቱ ሙከራ ነው። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንብቦ ዘጋውና የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ አንባቢዎቹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የጻፉት በለጡ። ስለዚህ ደብተርህን ዝጋና በባዶ ወረቀት ጻፍ። ነገ ድገመው፣ ከሦስት ቀን በኋላም።

የፊዚክስ ተማሪ፦ ኤቢንግሃውስ የለካው ራሱን ብቻ አይደል እንዴ? «በስንት ሰው?» ሲሉን አልነበረም?

መልስ፦ ጥሩ ያዝክ። አንድ ሰው ነው፤ የለካው ግን እጅግ ብዙ ጊዜ ነው። ሙከራው አምስተርዳም ላይ ተደግሞ በ2015 ሲታተም ተመሳሳይ የመርሳት አካሄድ ታየ። «ማን ደገመው?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ መልስ አገኘ ማለት ነው።

አዲስ የገባ፦ ይቅርታ ዘገየሁ። ሳይኮሎጂ ሳይንስ ነው?

መልስ፦ ከላይ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። አልደግምም።

አንድ አባል፦ «ደረትህን ነፍተህ ሁለት ደቂቃ ቁም፣ ሆርሞንህ ይቀየራል» የሚል ሥልጠና አለ። 3,000 ብር ነው። ልግባ?

መልስ፦ የ2010 ጥናት ነው፤ 42 ሰዎች ነበሩበት። በ2015 በ200 ሰዎች ሲደገም ሆርሞኑ ላይ ለውጥ አልታየም። ከመጀመሪያው ጥናት አጥኚዎች አንዷ ራሷ በ2016 ከእንግዲህ አላምንበትም ብላለች። አትግባ።