ቡጢና ማዕተብ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁለቱ ስለ አንድ ሰው ናቸው። አጭሩን አስቀድማለሁ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ሥጋ የምጠብስበት የኤሌክትሪክ መጥበሻ ላይ «ጆርጅ ፎርማን» የሚል ተጽፎበታል። የቤቱ ልጅ «ትልቅ ቦክሰኛ ነው» ይለኛል፤ እኔ ግን አላመንኩትም። ቦክሰኛና መጥበሻ ምን አገናኛቸው?
ዘ.፣ ከዱባይ

መልስ፦ ልጁ እውነቱን ነው፣ እህቴ። ሰውየው ሁለት ጊዜ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረው ጆርጅ ፎርማን ነው። መጥበሻው ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እ.ኤ.አ. በ1999 አምራቹ ኩባንያ በስሙ ለመጠቀም በጥሬ ገንዘብና በአክሲዮን 137.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎታል፤ በቡጢ ካገኘው ይልቅ በመጥበሻው ያገኘው ይበልጣል። አምስት ወንዶች ልጆቹን ሁሉንም ጆርጅ ብሎ ነው የሰየማቸው። እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 2025 በ76 ዓመቱ ሂዩስተን ውስጥ አርፏል። አንቺ ሥጋ የምትጠብሺበት ዕቃ ባለቤት ቅዳሜ ቦክሰኛ፣ እሑድ ሰባኪ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። የሚቀጥለውን ደብዳቤ አንብቢው፤ የቀረውን እዚያ ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 21 ነው። ቦክስ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ የምጋጠመው በ60 ኪሎ ነው። እናቴ አንድም ቀን መጥታ አይታኝ አታውቅም። «የሰው ፊት በእግዚአብሔር አምሳል የተሠራ ነው፤ እንዴት ብለህ ትመታዋለህ?» ትለኛለች። ከግጥሚያ በፊት ማዕተቤን እንደሚያስወልቁኝ ከሰማች ወዲህ ደግሞ ስለ ቦክስ ሲነሣ ጥላን ትወጣለች። በቅርቡ ስለ ጆርጅ ፎርማን ሕይወትና እምነት የተሠራውን የ2023ቱን ፊልም አየሁ። ሰውየው እግዚአብሔርን አገኘሁ ብሎ ቦክስ ይተዋል፤ ሰባኪ ይሆናል፤ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ሰው ይዘርራል። እናቴ ልክ ከሆነች እሱ እንዴት ተመለሰ? እሱ ልክ ከሆነስ ለእናቴ ምን ልበላት? በዚያውም ታሪኩ እውነት መሆኑን ይንገሩኝ።
ብ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የእናትህን ጥያቄ ግን ከዚያም በላይ። ሠላሳ ዓመት ልጆች ሳሠለጥን እንደ እሷ አድርጎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለዚህ ከቀላሉ፣ ከፊልሙ ልጀምር።

ዋና ዋናው እውነት ነው። ፎርማን እ.ኤ.አ. በ1949 ቴክሳስ ውስጥ ማርሻል በምትባል ከተማ ተወልዶ፣ በሂዩስተን ፊፍዝ ዋርድ በሚባል የድሃ ጥቁሮች ሰፈር ነው ያደገው። ሰባት ልጆች ነበሩ። ረሃቡም እውነት ነው፤ ዘረፋውም እውነት ነው። አንድ ቀን ሰው ቀምቶ ሲሮጥ ከቤት ወለል ሥር ገባ፤ የፖሊስ ውሾች እንዳያሸቱት ጭቃና ፍሳሽ ተቀባ። ሌባ መሆኑ የገባው እዚያ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። በ16 ዓመቱ መንግሥት ችግረኛ ወጣቶችን ሙያ የሚያስተምርበት ጆብ ኮርፕስ ገባ፤ አሠልጣኙ ዶክ ብሮደስ ጓንት ያጠለቀለት በዚያ ነው። በፊልሙ ተዋናዩ ፎረስት ዊተከር የተጫወተው ብሮደስን ነው። በኋላ ከመሐመድ አሊ ጋር ኪንሻሳ (የያኔዋ ዛየር) ላይ ሲጋጠም በፎርማን ጥግ የነበሩት አሠልጣኞች ግን ዲክ ሳድለርና አርቺ ሙር ናቸው፤ ይህን ይዘህ እይ።

የሜክሲኮው ኦሊምፒክ ሲመጣ የእኔ ልብ ሌላ ቦታ ሄደ። ማሞ ወልዴ በማራቶን ወርቅ ያመጣበት ነው። በዚያው ሰሞን የ19 ዓመቱ ፎርማን የሶቪየቱን ቼፑሊስ በሁለተኛው ዙር አሸንፎ፣ ትንሽ ባንዲራ እያውለበለበ ሪንጉን ዞረ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1973 ጃማይካ፣ ኪንግስተን ላይ የዓለም ሻምፒዮኑን ጆ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ጣለው። ያንን ግጥሚያ ስታይ ከቡጢው ይልቅ ፊቱን እይ። ከቀድሞው ሻምፒዮን ከሶኒ ሊስተን ጋር ልምምድ እያደረገ ነው ያደገው፤ ዝምታውንና ያንን ሰው የሚያደርቅ አስተያየቱን ከእሱ ነው የቀዳው።

ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. ኪንሻሳ ላይ መሐመድ አሊ በስምንተኛው ዙር ሲዘርረው እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ የጋዜጣውን ፎቶ ከመስተዋቱ አጠገብ ለጥፎት ነበር። ሰፈሩ በሙሉ የአሊ ነበር። እኔ ግን ፀጉሬን እየተቆረጥኩ የወደቀውን ነው የማየው። ያ ሁሉ ጉልበት ተዘርሮ! ቦክስ የጀመርኩት በዚያ ፎቶ ነው ብልህ አላጋነንኩም።

አሁን ወደ እናትህ ጥያቄ እየቀረብን ነውና ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርህ። ታላቅ ወንድሜን በቀበርን በአርባ ቀኑ ግጥሚያ ነበረኝ። አሠልጣኜ መጋጠሜ ቅር ብሎት ነበር፤ እኔ ነኝ አልቀርም ያልኩት። በሁለተኛው ዙር ተጋጣሚዬን አገጩ ላይ አገኘሁትና በጉልበቱ ወረደ። ዳኛው መቁጠር ሲጀምር ደስ አለኝ። ስለማሸነፌ እንዳይመስልህ፤ እሱን ስላመመው ነው ደስ ያለኝ። የወንድሜን ሐዘን በማላውቀው ልጅ ፊት ላይ ነበር የማወራርደው። መልበሻ ክፍል ገብቼ ፋሻውን ከእጄ ስፈታ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ጓንት አልነካሁም። ማንም አልከለከለኝም።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 1977 ፖርቶ ሪኮ፣ ሳን ሁዋን ላይ በፎርማን የደረሰው ለእኔ እንግዳ አይደለም። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ከጂሚ ያንግ ጋር 12 ዙር ታግሎ፣ በመጨረሻው ዙር ወድቆ ተነሥቶ፣ በነጥብ ተሸነፈ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲንጎራደድ ሞት ሸተተው። ባዶና ጨለማ ወደሆነ ስፍራ እንደወደቀ፣ አንድ ግዙፍ እጅ እንዳወጣው፣ ሲመለስ በእጁና በግንባሩ ላይ ደም እንዳየ ዕድሜውን ሙሉ ሲመሰክር ኖሯል። አሠልጣኙ ጊል ክላንሲ ሙቀትና ድካም ነው ይል ነበር። እኔ በሁለቱ መካከል አልገባም፤ የማየው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው።

ፊልሙን የምወቅሰውም እዚህ ላይ ነው። ገና 28 ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ አልጎደለም፤ ገንዘብ ያቀርቡለታል። አሥር ዓመት አንድም ውድድር አላደረገም። ፊልም ላይ አሥር ዓመት ማለት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሙዚቃ ይገባበታል፣ ሰውየው ይወፍራል፣ ያልፋል። አንተ ግን በሐዋሳ አቆጣጠር ቁጠረው። ከ21 ተነሥተህ 31 ዓመት እስኪሞላህ፣ በየማለዳው ሌሎች ሲሮጡ እያየህ! እሱ ግን በሂዩስተን መንገድ ዳር ቆሞ ይሰብክ ነበር፤ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ወፍሮ፣ የሚያልፉት ማን እንደሆነ እንኳ አያውቁትም። ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1984 ለሰፈሩ ልጆች የወጣቶች ማዕከል ከፈተ፤ ለማዕከሉም ገንዘቡ እያለቀ ሄደ። በአንድ ጉባኤ ላይ ለእነዚያ ልጆች ተብሎ ምጽዋት ሲለመንለት አፈረ። እሱ ለምኖ ከሚያሳድጋቸው ሠርቶ ሊያሳድጋቸው መረጠ፤ የሚያውቀው ሥራ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1987 በ38 ዓመቱ ተመለሰ። ሳቁበት፤ ክብደቱ 121 ኪሎ ነበር። በ42 ዓመቱ የጊዜውን ሻምፒዮን ሆሊፊልድን ገጥሞ 12ቱን ዙር ቆሞ ጨረሰ፤ በነጥብ ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 1994 ላስ ቬጋስ ላይ የ26 ዓመቱን የዓለም ሻምፒዮን ማይክል ሙረርን ገጠመ። ሙረር 35 ጊዜ ተጋጥሞ ያልተሸነፈ ነው። ፎርማን የለበሰው ኪንሻሳ የተዘረረበትን ያንኑ ቀይ ቁምጣ ነው። ከጥጉ የቆመው ደግሞ አንጀሎ ደንዲ ነው፤ ኪንሻሳ ላይ በአሊ ጥግ የነበረው ደንዲ! ዘጠኝ ዙር በሦስቱም ዳኞች ነጥብ ይመራ የነበረው ሙረር ነበር። በአሥረኛው አንድ ቀጥተኛ ቀኝ አገጩ ላይ አረፈችና ሙረር በጀርባው ተዘረረ። ቆጠራው ሲያልቅ ፎርማን አልጨፈረም፤ ጥጉ ሄዶ ተንበርክኮ ጸለየ። 45 ዓመቱ ነበር። ይህን በቪዲዮ ካሴት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩትም፤ በፍሬዘር ጊዜ የነበረው ያ ፊት ግን የለም። እጁ ያው ነው፤ ዓይኑ ሌላ ሰው ነው።

ከእሱ በኋላ ያለውንም ፈልገህ እይ። እ.ኤ.አ. በ1997 በኦስካር ሽልማት ምሽት፣ ፓርኪንሰን ያዳከመው አሊ ወደ መድረክ ደረጃውን ሲወጣ ክንዱን ይዞ የደገፈው ፎርማን ነው። ያን ፊት ለመምታት ዛየር ድረስ የሄደ ሰው!

አሁን ለእናትህ። «የሰው ፊት በእግዚአብሔር አምሳል የተሠራ ነው» ላለችው መልስ የለኝም፤ ልክ ናት። ይህን ለማያውቅ ልጅ እኔ ጓንት አላስርለትም። የቦክስ ጉዳትም ተረት አይደለም። አብሮኝ ያደገ ቦክሰኛ ዛሬ ስሜን ይረሳል፤ ቡና ሲያነሣ ሲኒው ይንጫጫል። ስለዚህ ፎርማንን ጠቅሰህ አትከራከራት። እሱ የተመለሰው አሥር ዓመት ትቶ፣ ለምን እንደሚመለስ አውቆ ነው። አንተ ገና ያንን አልተጠየቅህም። ቅዳሜ ከግጥሚያህ በኋላ ብቻህን ተቀመጥና ተጋጣሚህ ሲወድቅ ምን እንደተሰማህ ራስህን ጠይቅ። ደስ ያለህ ስለማሸነፍህ ከሆነ ቀጥል። እንደ እኔ ከሆነ ለአሠልጣኝህ ንገረውና ዕረፍ፤ ለእናትህም ንገራት፤ ከእኔ በተሻለ ትረዳሃለች። ጭንቅላትህን ተመትተህ ከዞረብህ ደግሞ ሳትደብቅ ለሐኪም ታይ፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድልህ ድረስ ልምምድ የለም።

ማዕተቡን ማስወለቃቸው እምነትህን ጠልተው አይደለም፤ ክር አንገት ላይ ሲጠመጠም አደጋ ስላለው ነው፤ የወርቅ ሐብልም ያስወልቃሉ። ግን አውልቀህ ቦርሳ ውስጥ አትጣለው። እኔ በምጋጠምበት ዘመን ጠዋት ከቤት ሳልወጣ አውልቄ ለእናቴ እሰጣት ነበር። በቀኝ እጇ ጨብጣ ነው የምትውለው። ማታ ስገባ ፊቴን ወደ መብራቱ አዙራ ታየኝና «ያኛውስ ልጅ ደህና ነው?» ብላ ሳትጠይቅ አታስርልኝም ነበር።