ስለ ታይ ደን ጠይቃችሁኝ የመለስኩት

በኮትዲቯር ደቡብ ምዕራብ፣ ከላይቤሪያ ድንበር አጠገብ ስላለው የታይ ብሔራዊ ፓርክ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እነሆ።

ጥያቄ፦ ከእኛ የከፋና የሸካ ደን በምን ይለያል?

የእኛዎቹ ከፍታ ላይ ያሉ ደኖች ናቸው፤ ታይ ግን ቆላ ነው፤ ሙቀቱም እርጥበቱም አይለቅም። ወደ 1,300 የሚጠጉ የእጽዋት ዝርያዎች አሉት፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከምዕራብ አፍሪካው የጊኒ ደን ቀጠና ውጭ አይበቅሉም። በ1972 እ.ኤ.አ. ፓርክ ሆነ፤ በ1982 ደግሞ የዓለም ቅርስ።

ጥያቄ፦ ዝሆን ዛፍ ይገነድሳል። ታዲያ የደን ጠላት አይደለም?

ወንድሜ፣ ነገሩ ግልብጥ ነው። ቆላ አገር ያደገ ሰው በደኖን ያውቃል። ታይ ውስጥ የበደኖ ዘመድ የሆነ፣ ሰማይ የሚነካ ዛፍ አለ። ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ሳይፈጨው ውጦ ራቅ ወዳለ ቦታ የሚያደርስለት ዝሆን ነው፤ ዘሩም ከፋንድያው ውስጥ ይበቅላል። ጣውላው በጣም የሚፈለገው ማኮሬም እንዲሁ ነው። ዝሆኑ ለጥርሱ ሲገደል ዛፉ ወዲያው አይደርቅም፤ ቆሞ ያረጃል፣ ልጅ ግን አይተካም። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ደኑ ከላይ ሲያዩት አረንጓዴ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም።

ጥያቄ፦ ቺምፓንዚዎች በድንጋይ ፍሬ ይሰብራሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ፍሬውን ጠፍጣፋ ሥር ላይ ያስቀምጡና ይመቱታል፤ ለላላው እንጨት ይበቃል፣ ፓንዳ ለሚባለው ጠንካራ ፍሬ ግን ከባድ ድንጋይ ይፈልጋሉ። ግልገሎቹ እናታቸውን እያዩ ለመልመድ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። እዚያው ተቆፍረው የወጡ መስበሪያ ድንጋዮች 4,300 ዓመት ያስቆጠሩ መሆናቸው በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ጥያቄ፦ ድንክ ጉማሬስ አለ?

አለ። ክብደቱ ከ300 ኪሎ አይበልጥም፤ ቀን ተደብቆ ሌሊት ይሰማራል።

ጥያቄ፦ እንስሳቱ እርስ በርስ ይግባባሉ?

ዲያና የምትባለው ጦጣ ነብር ስታይና ንስር ስታይ የምታሰማው ጩኸት ይለያያል። የሚገርመው ግን የእርኩም ዘመድ የሆነ ትልቅ ወፍ ይህን መለየቱ ነው፤ ነብር ስለማያሰጋው የነብሩን ጩኸት ችላ ይላል፣ የንስሩን ሲሰማ ግን ይደነግጣል።

ጥያቄ፦ እዚያ አገር የዱር ቡና ይበቅላል?

እህቴ፣ ይበቅላል፤ ግን ሮቡስታ ነው። የትውልድ ቦታው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ቆላ ደን ነው። የእኛ አረቢካም ሮቡስታ ከሌላ የዱር ቡና ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነውና ከወላጆቹ አንዱ የዚያ ደን ዛፍ ነው። ዛሬ የኮትዲቯርን ደን ያራቆተው ግን በዋናነት ካካዎ ነው፤ እርሻው እስከ ፓርኩ ድንበር ደርሷል።

ጥያቄ፦ ሄጄ ቺምፓንዚዎቹን ማየት እፈልጋለሁ።

ጉንፋን ከያዘዎት ይቅርብዎ። ከሰው የተላለፈ የመተንፈሻ በሽታ የታይን ቺምፓንዚዎች ገድሏል። ጤነኛም ቢሆኑ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፣ ራቅ ብለው ይቁሙ።